ከአፋፉ ሥር ያለችው ከተማ

ከመድረሳችን ልጆች አንዷ የጠየቀችኝን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዘመሮ ላይ የምናስተምርባት ክፍል ጠባብ ናት፤ በክረምት ጭጋጉ በበሩ እየገባ ጥቁር ሰሌዳውን ያርሰዋል። ያን ዕለት ትምህርቱ የአንደሉስ ታሪክ ነበር። ስለ ቁርጡባ መስጊድ ምሰሶዎች፣ ስለ ገርናጣው አልሐምራ፣ በ897 ዓመተ ሂጅራ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1492 የመጨረሻው ሱልጣን አቡ ዐብዲላህ ከተማይቱን ስላስረከበበት ቀን አውርቼ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ኡስታዝ፣ እኛ አገርስ እንዲህ ያለ የሙስሊም ከተማ ነበረ?» አለችኝ።

«ሐረር አለች አይደል?» አልኳት።

«ሐረርማ ሩቅ ናት። እዚህ እኛ ዘንድ ነው የምለው።»

«እዚህማ የለም» አልኳት። ሰዓቱም ደርሶ ስለነበር ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ።

ውድ አንባቢያን፣ ያ መልሴ ስሕተት ነበር። ስሕተቱ ደግሞ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አልነበረም። አባቴ ረሂመሁላህ የመንዝ ባና በአህያ ጭኖ ወደ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። የሚወርደውም ወደ ኢፋት ነው። ሲመለስ በርበሬና ጥጥ ይዞልን ይመጣል፤ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦም ያየውን ይነግረናል። አንድ ጊዜ ዝናብ ይዞት ያረጀ ግንብ ሥር እንደተጠለለ፣ ግንቡም የመስጊድ ግንብ እንደሆነ ነግሮናል። «የማን መስጊድ ነው?» ብለን ስንጠይቀው «የድሮ ሰዎች» አለ። እኛም ከዚያ ወዲያ አልጠየቅንም። እንግዲህ እኔ የቁርጡባን መስጊድ ምሰሶዎች ቁጥር ለልጆች የማስጠና ሰው፣ አባቴ ከዝናብ የተጠለለበትን መስጊድ ስም አላውቅም ነበር ማለት ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። አዲስ አበባ የሚማር የወንድሜ ልጅ ለረመዳን ሲመጣ ስለ ጥንት የዐረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊዎች የሚናገር ጽሑፍ ይዞልኝ መጣ። በውስጡ ኢብን ሰዒድ አል-መግሪቢ የሚባል ዐሊም ተጠቅሷል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1213 ገርናጣ አጠገብ የተወለደ አንደሉሳዊ ነው። ቁርጡባ በ1236 ከሙስሊሞች እጅ ስትወጣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበር፤ ከዚያም አገሩን ትቶ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ። ይኸው ስደተኛ ስለ ዓለም አገሮች ሲጽፍ ሐበሻን አልዘለለም። በሐበሻም ውስጥ አንዲት የሙስሊሞች አገር ጠቅሷል፤ ጀበርታም እንደምትባል ጽፏል። አገሪቱ ኢፋት ናት! ያቺ አባቴ በአህያ የሚወርድባት ኢፋት፣ ከመንዝ አፋፍ ላይ ቆመን ደመናው ሲገለጥ ቁልቁል የምናያት ቆላ።

ሱብሃነላህ፣ የአንደሉስ ሰው ስለ እኛ አገር በስደት ላይ ሆኖ ሲጽፍ፣ የዚህ አገር መምህር ግን ስለ አንደሉስ አስተምሮ ስለ ኢፋት «የለም» ይላል። ልጅቷን ጠርቼ ስሕተቴን ልነግራት ብፈልግም፣ ሳላይ ብነግራት ሁለተኛ ስሕተት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ውርጩ መንዝን ባደረቀበት ሰሞን፣ ጋቢዬን ደርቤ ተነሣሁ።

ከደጋው ወደ ኢፋት በመኪና የሚወርድ ሰው በጣርማ በር ያልፋል። ጣልያን በ1930ዎቹ ተራራውን ሰንጥቆ የሠራው ዋሻ እዚያ ነው። በአንድ በኩል በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይገባሉ፤ በሌላው በኩል ወጥተው ደብረ ሲናን አልፈው ትንሽ እንደወረዱ ጋቢው መክበድ ይጀምራል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱማ ጋቢውን አጣጥፎ መያዝ ነው። አንድ የመንዝ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ገብስ ከሚበቅልበት ተነሥቶ ሙዝና ማንጎ ወደሚሸጥበት ይደርሳል። የድሮዎቹ ነገሥታትም ነጋዴዎችም የተጣሉበትና የተስማሙበት ጉዳይ ያለው እዚሁ መውረጃ ላይ እንደሆነ የገባኝ በመጽሐፍ ሳይሆን ያኔ በላቤ ነው። ደጋው እህል፣ ከብትና በቅሎ አለው። ቆላው ደግሞ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደውን የግመል መንገድ ይዟል። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። በአፋፉ ሥር የነበረችው ገንደበሎ የምትባለው የሙስሊሞች የገበያ ከተማ፣ የግመል ጭነት ወርዶ በበቅሎ የሚጫንባት ቦታ እንደነበረች ተጽፎላታል።

ኖራ የምትገኘው በአፋፉና በአዋሽ ሸለቆ መካከል ካሉት ተረተሮች በአንዱ ላይ ነው። መኪናው ካወረደኝ በኋላ የቀረውን በእግር ሄድኩ። መንገዱን ያሳዩኝ በአካባቢው የሚኖሩ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል፤ እሳቸውም አልወደዱትም። እኔ «አባ» ስላቸው እሳቸው «መምህር» ይሉኛል። እኔ በዕድሜ ልጃቸው ነኝ፤ ግን የዒልም ሰው መስሏቸው ስላከበሩኝ አፍሬ ሄድኩ።

ከተማይቱ ሩቅ ሆኖ ለሚያያት የድንጋይ ክምር ትመስላለች። ሲቀርቡ ግን ክምሩ መስመር ይይዛል። ይህ የቤት ግድግዳ፣ ይህ መግቢያ፣ ይህ ሁለት ቤቶች የሚገናኙበት ጥግ እያሉ ማንበብ ይቻላል። ድንጋዩ ተመርጦና ተስተካክሎ የተገጣጠመ ነው፤ የግንበኛው እጅ ዛሬም ይታወቃል። እሾሃማ ዛፎች በቤቶቹ መካከል በቅለዋል፤ ፍየል ደግሞ የማይገባበት ክፍል የለም። መስጊዱ ግን ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይታወቃል፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ሚህራቡም አለ።

ሚህራቡ ፊት ስቆም አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው። ከቤታችሁ ካርታ አውጥታችሁ ብታዩ ኢፋትና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ናቸው፤ ሁለቱም 40 ዲግሪ ምሥራቅን ይጠጋሉ። ስለዚህ ለኢፋት ሰው ቂብላ ማለት ሰሜን ማለት ነው፤ ሌሊት የሰሜንን ኮከብ ያወቀ መካን አወቀ። እዚህ ላይ ቁርጡባ ትዝ አለችኝ። ዐብዱረሕማን አል-ዳኺል እ.ኤ.አ. በ785 ያስጀመረው ያ ታላቅ መስጊድ ሚህራቡ ወደ ደቡብ ያጋደለ ነው፤ መካ ደግሞ ከስፔን ወደ ምሥራቅ ነው ያለችው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ዑለማውም የታሪክ ሰዎችም ብዙ ተነጋግረውበታል። የቁርጡባን ጥበብ ለማሳነስ አይደለም ይህን ያነሣሁት፤ ከ800 የሚበልጡ ምሰሶዎችን የሚተካከል በኖራ የለም። ነገር ግን አንድ የኖራ ግንበኛ ስሙ ሳይታወቅ ቂብላውን እንዲህ አቅንቶ መሥራቱን ሳይ ልቤ ተነካ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ኮራሁ።

ዙህር ደርሶ ስለነበር ሽማግሌው ውሃ በያዙባት ጀሪካን ውዱእ አድርገን እዚያው ሰገድን። ያሰገዱት እሳቸው ናቸው። እኔ ሙሳፊር ነበርኩና ብቻዬን ብሆን ሁለት ረከዓ እሰግድ ነበር፤ ነገር ግን መንገደኛ ከነዋሪ ኢማም ኋላ ሲቆም ይሞላልና አራት ሰገድኩ። ተማሪዎቼ ይህን መስአላ ዘወትር ይረሱታል፤ እኔም እዚያ ቦታ ላይ ከሰገድኩ በኋላ ነው ትርጉሙ ይበልጥ የገባኝ። በዚያ ፍርስራሽ ውስጥ እንግዳው እኔ ነበርኩ፤ ሽማግሌው ግን ነዋሪ ናቸው።

ከሰላት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ ቁርጡባ መስጊድ አጫወትኳቸው። ምሰሶዎቹን፣ በቀይና በነጭ የተሠሩትን ቅስቶች፣ በወርቅማ ጌጥ ያሸበረቀውን ሚህራብ እኔ ያየሁት በመጽሐፍ ሥዕል እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና፣ «ጁሙዓ ማን ያሰግዳል?» አሉኝ።

«ጁሙዓ የለም፤ ከ1236 ጀምሮ ካቴድራል ነው። ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ገብተው ያያሉ፤ ሙስሊም እንግዳ ግን እንዲሰግድ አይፈቀድለትም» አልኳቸው።

ምንም አልመለሱልኝም። ጀሪካኗን አንሥተው በውስጧ የቀረውን ውሃ አንዲት ችግኝ ሥር አፈሰሱና «እንሂድ» አሉ።

አሁን እስቲ ከኖራ ጥቂት እንራቅና ስለነዚህ ሰዎች የተጻፈውን እናንሣ። በሸዋ ምድር የመኽዙሚ ዘር ነን የሚሉ ሱልጣኖች ነበሩ። ስለ እነርሱ የሚናገር በዐረብኛ የተጻፈ አጭር ዜና መዋዕል አለ፤ ጣልያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 አሳትሞታል። ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው። በትውፊት የሱልጣኔቱ መነሻ በ283 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 896 ገደማ ነው ይባላል። ጸሐፊው ማን እንደነገሠ፣ ማን ማንን እንደወጋ፣ ማን እንደሞተ ይመዘግባል። በ1063 የሞተች ባዲት የምትባል ንግሥት ትገኝበታለች። በ1255 የሞቱ የሸዋ ቃዲዎች ቃዲ፣ ፈቂህ ኢብራሂም፣ ይገኙበታል። ቃዲዎች በብዛት ያሉበት አገር፣ የበላይ ቃዲ ሊሾምለት የበቃ አገር እንደነበረ ከዚህች አንድ መስመር እንረዳለን።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ የሸዋ ጸሐፊ በራሱ አገር ጉዳዮች መካከል፣ በ656 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1258) ታታሮች ባግዳድን እንደያዙ መዝግቧል። አስቡት እንግዲህ! ራዲዮ የለም፤ ጋዜጣ የለም። ወሬው ከዒራቅ ተነሥቶ በሐጅ መንገደኛ ወይም በነጋዴ አፍ ባሕር ተሻግሮ፣ በግመል በረሃ አቋርጦ እዚህ ከአፋፋችን ሥር ደረሰ፤ አንድ ሰውም ቀለም ነክሮ ጻፈው። የዚያን ዘመን የሸዋ ሙስሊም ባግዳድ ላይ የደረሰውን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ያውቅ ነበር። የባግዳድ ሰው ስለ ሸዋ ያን ያህል ያውቅ እንደነበር ግን እጠራጠራለሁ።

በ1285 ወላስማ የሚባሉት የኢፋት ገዥዎች ይህን ሱልጣኔት ጠቅልለው ያዙት። የኢፋት ገናናነት ከዚያ ይጀምራል። የሐማው ልዑል አቡል ፊዳ (በ1331 የሞተ) ኢፋትን ከሐበሻ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ናት ይላታል፤ ቤቶቿ ተራርቀው የተሠሩ፣ ሙዝና ሸንኮራ አገዳ የሚበቅልባት እንደሆነች ጽፏል። ሙዙ ዛሬም ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር አለ፤ እኔም ገዝቼ በላሁ። አል-ዑመሪ (በ1349 የሞተ) ደግሞ የሐበሻን ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ሲዘረዝር ኢፋትን ከሁሉ ሰፊ አድርጎ ያስቀምጣታል፤ ሕዝቧም በብዛት ሻፊዒዎች እንደሆኑ ይናገራል። መረጃውን የሰበሰበው ካይሮ ላይ ካገኛቸው ከእኛው አገር ሰው፣ ከሸኽ ዐብደላህ አል-ዘይለዒ ነው። በዚያው ግዙፍ መጽሐፉ ስለ አንደሉስም ጽፏል። ኢፋትና ገርናጣ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ነበር ማለት ነው፤ እኔ ግን አንደኛዋን ብቻ አንብቤያለሁ። ኢብን በጡጣስ ቢሆን በ1331 ገደማ ዘይላ ወደብ ደርሶ የዓሣና የታረደ ግመል ሽታ አላስቀምጠው ብሎ በባሕር ላይ አደረ፤ በ1350 ደግሞ ገርናጣን ጎበኘ። ያ ሽታ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ወደ ላይ ወጥቶ ስለ ኢፋት ገበያ ይነግረን ነበር።

ጫት እንኳ ያን ጊዜ ነበር። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የኢፋቱ ሰብረዲን ሲዝት በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ እንዳለ ይተርካል። ስለ ጫት ግን ያለኝን ሐሳብ ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጦርነት ነው። ዓምደ ጽዮንና ሰብረዲን በ1332 ተዋጉ፤ ኢፋት ተሸነፈች። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም መዋጋታቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ሱልጣን ሰዕደዲን እስከ ዘይላ ተሳዶ እዚያ ተገደለ፤ ዓመቱን አንዳንዶቹ 1403፣ ሌሎቹ 1415 ይሉታል። ልጆቹ የመን ተሻግረው ተመለሱና በምሥራቅ በኩል የአዳልን መንግሥት አቆሙ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማን ትክክል ነበር፣ ማን በደለ የሚለውን እያነሡ ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር መጣላት የደካማ ሰው ሥራ ነው። እኔ ዘመሮ ላይ የምኖረው ከክርስቲያን ጎረቤቶቼ ጋር ነው፤ ለቅሶ እንደራረሳለን፣ እህል እንበዳደራለን። ከታሪኩ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ከዚያ በኋላ ወዴት ሄደ የሚለውን።

እዚህ ላይ ነው አንደሉስና ኢፋት የሚለያዩት። በገርናጣ ከ1492 በኋላ ሙስሊሞች በሃይማኖታቸው እንደሚኖሩ ውል ተገብቶላቸው ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላ ውሉ ፈረሰ፤ የዐረብኛ መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ፤ ሰዎቹም ወይ ተጠመቁ ወይ ተሰደዱ ተባሉ። ተጠምቀው የቀሩት ሞሪስኮዎች እንኳ ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ ከነልጆቻቸው ከስፔን ተባረሩ። ሕንጻው ቀረ፤ ሰው ጠፋ። በስፔንኛ ውስጥ ግን ከዐረብኛ የተወሰዱ ቃላት እስከ ዛሬ አሉ፤ ስፔናዊ «በሆነልኝ» ብሎ ሲመኝ የሚናገራት «ኦሃላ» የምትል ቃል የአላህን ስም የተሸከመች የዐረብኛ ቃል ናት፤ የሚናገራት ሁሉ አያውቃትም። በገርናጣ እንደገና በይፋ አዲስ መስጊድ የተከፈተው በ2003 ነው፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በኢፋት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሕንጻው ፈረሰ፤ ሰው ቀረ። አርጎባው በየአምባው ላይ ቤቱን በድንጋይ እየሠራ፣ እየሸመነ፣ እየነገደ፣ ልጁን እያስቀራ ኖረ። ጎዜን የመሰሉ መንደሮች ከጥንት የወረሱትን መስጊድ እስከ ዘመናችን ሲሰግዱበት ቆይተዋል። ወላስማ የሚለው ስም እንኳ አልሞተም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813-1847) የኢፋት ሙስሊም ገዥ ወላስማ ሙሐመድ ይባል ነበር፤ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ አንኮበር የወጡ የእንግሊዝ መልእክተኞች አግኝተውት ጽፈውለታል። እንግዲህ በ1285 ሱልጣኖች የተጠሩበት ስም ከአምስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በክርስቲያን ንጉሥ ግዛት ውስጥ የሹመት ስም ሆኖ ተገኘ። በገርናጣ እንዲህ ያለ ነገር ሊታሰብ አይችልም።

ከአገር የወጡትም አልጠፉም። ካይሮ አል-አዝሀር ውስጥ የጀበርቲዎች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያ ነበር፤ ከዚህ የሄዱ ደረሶች የሚማሩበት። የግብፅን ታሪክ የጻፈው ታላቁ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753-1825) የዚያ ዘር ነው። ናፖሊዮን ካይሮ ሲገባ ያየውን የመዘገበልን ሰው ቅድመ አያቶች የእኛ አገር ሰዎች ናቸው ብላችሁ ለልጆቻችሁ ብትነግሩ ውሸት አይሆንባችሁም።

የጠፋ ነገር ግን አለ፤ አሁንም እየጠፋ ነው። አንዱ ቋንቋው ነው። አርጎብኛ የአማርኛና የሐረሪ ዘመድ የሆነ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። በወሎ በኩል ሾንኬና ጦለሃ ላይ ይነገራል፤ በኢፋት ግን ሰዉ በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። ሽማግሌውን አርጎብኛ ይችሉ እንደሆነ ስጠይቃቸው «አያቴ ትናገረው ነበር» አሉኝ። ጥቂት ቃላት እንዲነግሩኝ ብለምናቸው ሁለት ነገሩኝ፤ ሦስተኛውን ሊያስታውሱ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ተዉት።

ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። ስንመለስ ከፍርስራሹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ የከብት በረት አጥር አሳዩኝ። በአጥሩ ውስጥ ከሌላው ሻካራ ድንጋይ መካከል ለስላሳ ሆነው የተስተካከሉ ድንጋዮች አሉ። ማን ከየት እንዳመጣቸው አልጠየቅኩም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ሰው ቅርብ ያገኘውን ድንጋይ ማንሣቱ የትም ያለ ነው። ቁርጡባ አጠገብ ኸሊፋው ዐብዱረሕማን ሦስተኛው ከ936 ጀምሮ ያሠራት መዲነቱ ዘህራእ የምትባል የቤተ መንግሥት ከተማ፣ ከሰባ ዓመት በላይ እምብዛም ሳትቆይ በእርስ በርስ ጦርነት ፈረሰች። ከዚያ በኋላ ለዘመናት ሰው እየመጣ ምሰሶዋንና እብነ በረዷን ሲያነሣ ኖረ፤ ስሟም ቦታዋም ተረሳ። መቆፈር የጀመሩት በ1911 ነው። በ2018 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ከመዲነቱ ዘህራእ የተወሰደውን ድንጋይ ግን ማንም አልመለሰም።

በእኛም በኩል የተጀመረ ነገር አለ። ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢፋትን በእግር ዞረው አስበሪን፣ መሳልን፣ ኖራን መዝግበው ጽፈዋል፤ የወላስማ ሱልጣኖችን መቃብሮችም ከ14ኛው ክፍለ ዘመን የዐረብኛ ጽሑፋቸው ጋር አጥንተዋል። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ ደግሞ በእንግሊዛዊው ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት በተደረገው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኝቷል። አላህ ድካማቸውን ያቅናላቸው። ግን የሚከነክነኝን ልናገር። እነዚህ ሰዎች ከፓሪስና ከእንግሊዝ አገር መጥተው ያነበቡት የመቃብር ድንጋይ የተጻፈው በዐረብኛ ነው፤ እኛ ዘመናችንን በሙሉ በቀራነው ቋንቋ። ነሕው የሚያውቅ ደረሳ በየመንደሩ ሞልቶ ሳለ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወርዶ የሱልጣኑን ስም ገልብጦ ለመምጣት አላሰበም። እኔም አላሰብኩም። አባቴ መንገዱን ያውቅ ነበር፤ ይዘኸኝ ሂድ ብለው ይወስደኝ ነበር።

ከኖራ ከተመለስኩ በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ ልወርድ አስቤ ነበር። ለመኪና የሚሆን ገንዘብ ከወላጆች መሰብሰብ ጀመርን። ከዚያ አንዱ ዓመት በሽታ ሆነ፣ ሌላው ዓመት በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል የሰው ሕይወትና ቤት ያጠፋው ግጭት መጣ፤ የሰበሰብነውንም ብር መለስን። ሽማግሌው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። አላህ ካሉ ያኑራቸው፣ ከሄዱም ይማራቸው።

ያቺ ልጅ ግን አድጋ ደብረ ብርሃን ትማራለች። ለዒድ ቤተሰቦቿ ዘንድ ስትመጣ ቤታችን ለሰላምታ ጎራ አለች። ቡና እየተፈላ ሳለ ያን የቆየ ጥያቄዋን አስታወስኳት፤ እሷ ረስታዋለች። «ያኔ የለም ያልኩሽ ስሕተት ነው፤ ነበረ» ብዬ ከሩካቤው እስከ ሚህራቡ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ሱልጣኖቹ ስነግራት በትሕትና ትሰማኛለች እንጂ ልቧ ሌላ ዘንድ ነበር። ስለ ባዲት ስነግራት ግን ሲኒዋን አስቀመጠች።

«ሴት ነገሠች? እዚህ?»

«አዎ፣ በሸዋ። በ1063 እንደሞተች ተጽፏል።»

«ከመሞቷ በፊት ምን ሠራች?»

መጽሐፉ ከዚያ በላይ ብዙ እንደማይነግረን ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና ስልኳን አውጥታ ስሙን በዐረብኛ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ እሷም ጻፈችው።